የምድር ምስክርነትና ብረት ጠቋሚ መሣሪያ፤ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚፈልጉ ባልንጀሮች

በአገራችን በቀድሞው የሙግት ልማድ አንድ ሰው የጠፋበትን ዕቃ ቢያገኝ ወይም በማሳው ላይ ጉዳት ደርሶ ቢያይ፣ ነገሩን ከስፍራው ከማንሣቱ በፊት በአጠገቡ ያለውን ሰው ጠርቶ እማኝ ይቈጥር ነበረ። እማኙ የሚመሰክረው ስለ ዕቃው ዋጋ አልነበረም፤ ዕቃው በየት ስፍራና በምን ሁኔታ እንደ ተገኘ ነበረ እንጂ። ከስፍራው ተነሥቶ ለዳኛ የቀረበ ዕቃ ብቻውን ብዙ አይናገርምና። የታሪክ ምርምርም እንደዚሁ ነው። ከምድር የወጣ አንድ የወርቅ መሐለቅ የንጉሡን ስም ሊነግረን ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከምን ጋራ እንደ ተቀበረ፣ በምን ዘመንና ስለ ምን እንደ ተሰወረ የሚመሰክረው የነበረበት አፈር ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው በየእርሻው ጥንታዊ ዕቃ የሚፈልጉትን ሰዎች ነው። በእንግሊዝ አገርና በአጠገቧ ባሉት ደሴቶች ይህ ፍለጋ የብዙ ሺህ ሰዎች የዕረፍት ቀን ሥራ ከሆነ ቈይቷል፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን አይሄዱም፣ ከአንድ ባልንጀራ ጋራ ይወጣሉ እንጂ። ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚደረግ ቢመስልም፣ በአንዳንድ ስፍራ የነገሥታትን ታሪክ አቃንቷል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ መልሶ ሊገኝ የማይችል ምስክርነት አጥፍቷል። አንድ ዐይነት መሣሪያ እንዲህ ያለ ሁለት ተቃራኒ ፍሬ ያፈራው ስለ ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን፣ መሣሪያው ከጮኸ በኋላ ባለችው ጥቂት ጊዜ ፈላጊዎቹ በሚያደርጉት ነገር እንደ ሆነ በሚከተሉት ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓ.ም. የሚል ምልክት ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ስለ መሣሪያው

ብረት ስንል በዚህ ጽሑፍ ወርቁንም ብሩንም መዳቡንም ጨምሮ ነው። መሣሪያው በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እያመላለሰ የማግኔት ኃይል ወደ ምድር ይልካል፤ ይህም ኃይል ብረት ያገኘ እንደ ሆነ በብረቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቀሰቅሳል፤ መሣሪያው ይህን ተቀብሎ በድምፅ ያሳውቃል።

የዚህ ዘዴ መነሻ ለቅርስ ፍለጋ አልነበረም። በ1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በቈሰሉ ጊዜ፣ የስልክ ፈልሳፊ የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ ያለበትን ስፍራ በዚህ ዐይነት መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። በ1937 ጌርሃርድ ፊሸር የሚባል ተወላጅነቱ ጀርመናዊ የሆነ መሐንዲስ በአሜሪካ ለፈለሰፈው መሣሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን በምድር የተቀበረ ፈንጂ የሚያመለክት መሣሪያ ሠራ፤ ይህም በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ ላይ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው እየቀለለና ዋጋው እየረከሰ ሄዶ ማንም ሰው ገዝቶ በትከሻው የሚይዘው ሆነ።

ከሁሉ በላይ ማስተዋል የሚገባን የመሣሪያውን ድንበር ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ብረትን ብቻ ነው። መሐለቁን ያከማቸውን ሸክላ፣ ጌጡን የያዘውን የቆዳ ከረጢት፣ ሣጥኑን የሞላውን ጭድ፣ ጕድጓዱ በተቈፈረ ጊዜ የተገለበጠውን የአፈር ቀለም አያውቅም። ስለዚህም ጠቋሚ እንጂ ምስክር ሊሆን አይችልም። ደግሞም የአፈሩ ሁኔታ በሁሉ ስፍራ አንድ አይደለም። ማረሻ ሲያገላብጠው በኖረው በላይኛው አፈር ውስጥ ያለ ዕቃ ከመጀመሪያ ስፍራው ተነሥቷል፤ በዚያ ላይ ማረሻውና ማዳበሪያው እየጎዱት ስለ ሄዱ ቢወጣ ይሻላል የሚሉ አሉ። ከማረሻው ጥልቀት በታች ያለው አፈር ግን ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ ሊሆን ይችላል። ታሪክ የሚድነው ወይም የሚጠፋው በዚህ በሁለቱ አፈር መካከል ባለው ወሰን ላይ ነው።

፪፤ መዶሻ ፍለጋ ወጥቶ

በኅዳር ወር 1992 በሰፎክ አውራጃ ሆክስን በተባለች መንደር አንድ ገበሬ መዶሻው በማሳው ውስጥ ጠፋበት። ኤሪክ ሎውስ የሚባለው ባልንጀራው መዶሻውን ሊፈልግለት መሣሪያውን ይዞ ወጣ፤ ፍለጋውም ከመዶሻው በፊት ወደ ወርቅና ብር መራው። ሎውስ ጥቂት ካወጣ በኋላ ከዚያ በታች ገና ብዙ እንዳለ ባየ ጊዜ መቈፈሩን ትቶ ለሚመለከታቸው ሹማምንት አስታወቀ። በማግሥቱ የአውራጃው የአርኬዎሎጂ ሠራተኞች መጥተው የቀረውን በሥርዓት አወጡት።

የተገኘው ድልብ 14,865 የሮማ መሐለቆችና 200 ያህል የወርቅና የብር ዕቃዎች ነበሩ። ፈላጊው ባይቆም ኖሮ መሐለቆቹ ያው መሐለቆች፣ ማንኪያዎቹም ያው ማንኪያዎች በሆኑ ነበረ። የሚጠፋው ሌላ ነበረ፤ ይኸውም ሀብቱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በሥርዓት እንደ ተደረደረ፣ በትልቁ ሣጥን ውስጥ የብር ቍልፍ ያላቸው ትናንሽ ማኅደሮች እንደ ነበሩበት፣ ዕቃው እንዳይጋጭ በጭድና በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ የሚያስረዳው ነው። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንት ድልቡ በድንጋጤ የተጣለ ሳይሆን በጥንቃቄ የተሰወረ የአንድ ባለጠጋ ቤተሰብ ሀብት እንደ ሆነ ለማሰብ ቻሉ። የመጨረሻዎቹ መሐለቆች የተመቱት በ407 እና በ408 ስለ ሆነ፣ ሀብቱ የተቀበረው የሮማ መንግሥት ብሪታንያን ለቆ በወጣበት ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። የብዙዎቹ ብር መሐለቆች ጠርዝ መቈረጡም አዲስ ገንዘብ ከሮማ መምጣት ባቆመበት ጊዜ ሕዝቡ በአሮጌው እንዴት እንደ ተገበያየ ያሳያል።

ለድልቡ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ፤ ሎውስም ገንዘቡን ከባልንጀራው ከገበሬው ጋራ ተካፈለ። የጠፋው መዶሻም በኋላ ተገኝቶ ከድልቡ ጋራ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጠ። መዶሻው በሙዚየም መቀመጡ ለአንዳንድ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የአገኛኘቱን ሁኔታ የሚመሰክር ዕቃ በመሆኑ ስፍራው ተገቢ ነው።

፫፤ የጀርሲ ባልንጀሮች

በፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ባለችው በጀርሲ ደሴት ሬጅ ሚድና ሪቻርድ ማይልስ የሚባሉ ሁለት ባልንጀሮች፣ በአንድ እርሻ ውስጥ ጥንት የብር መሐለቆች ተገኝተው እንደ ነበረ የሚናገር የአንዲት ሴት ወሬ ሰምተው 30 ዓመት ያህል ፈለጉ። ባለርስቱ የፈቀደላቸው አዝመራው ከተነሣ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ብቻ ስለ ነበረ፣ በየዓመቱ ጥቂት ሰዓት ፈልገው ይመለሱ ነበረ። እዚህ ላይ የቃል ወግ ለታሪክ ያለውን ዋጋ ልብ ይሏል። በጽሑፍ ያልተመዘገበ፣ የተማረ ሰውም ተረት ብሎ ሊያልፈው የሚችል የባላገር ወሬ፣ ሁለት ታጋሾች ስለ ሰሙት ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ።

በ2012 መጀመሪያ ላይ 60 የብርና አንድ የወርቅ መሐለቅ አገኙ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ መሣሪያቸው ከጥልቅ ስፍራ አንድ ትልቅ ነገር አመለከታቸው። ቈፍረው መሐለቅ የተጣበቀበትን ክምር በነኩ ጊዜ ሥራቸውን አቁመው ሹማምንቱን ጠሩ። 30 ዓመት የፈለጉትን ነገር በእጃቸው ሳያወጡ መተው ለሰው ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በማቆማቸው ሦስት ሩብ ቶን ያህል የሚመዝነው ክምር አንድ መሐለቅ ሳይለይ ከነአፈሩ እንዲነሣ ሆነ። ለቍፋሮው ከተሰበሰቡት መካከል በ1873 የተመሠረተው የደሴቲቱ የምሁራን ማኅበር፣ ሶሲዬቴ ጀርሲዬዝ፣ ይገኝበታል።

ክምሩን መሐለቅ በመሐለቅ ለመለያየት ከ2014 እስከ 2017 ሦስት ዓመት ያህል ወሰደ። እያንዳንዱ መሐለቅ ከመነሣቱ በፊት የነበረበት ነጥብ በመለኪያ መሣሪያ ይመዘገብ ነበረ። ቍጥሩ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሆነ፤ በ1935 በዚያችው ደሴት ተገኝቶ የነበረው ትልቅ ድልብ ከ11,000 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከመሐለቆቹ ጋራ ቶርክ የሚባሉ የወርቅ የአንገት ጌጦችና የቆዳ ከረጢት ቅሪት ተገኙ። አብዛኞቹ መሐለቆች በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩት የኮሪዮሶሊት ነገድ ናቸው፤ የተቀበሩትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት፣ ዩልዮስ ቄሣር ጎልን በወረረበት ወይም ከዚያ በሚከተለው ዘመን ነው። ያ ነገድ ራሱ ታሪኩን አልጻፈም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው የወራሪው የቄሣር ጽሑፍ ነው። እንግዲህ የተሸናፊው ወገን ቃል የሚሰማው ከዚህ ክምር ብቻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ2021 የጀርሲ መንግሥት ድልቡን በ4.25 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ አስቀረው።

፬፤ የተነቀፈው ንጉሥና የተሸጠው ምስክር

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የዚያ ተቃራኒ ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ከነበሩት መንግሥታት ሁለቱን እንመልከት፤ በደቡብ የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድ፣ በመካከለኛው ምድር የመርሲያ ንጉሥ ሴኦልዉልፍ ሁለተኛ። የአልፍሬድ ወገን ያጻፈው ዜና መዋዕል ሴኦልዉልፍን ማስተዋል እንደ ጐደለው አሽከርና እንደ ቫይኪንጎች መሣሪያ አድርጎ ነቅፎታል። የመርሲያ ሰዎች የጻፉት መልስ ስለሌለ፣ ይህ ነቀፋ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እንደ ታሪክ ሲነገር ኖረ።

በጥቅምት 2015 በኦክስፎርድ አውራጃ ዋትሊንግተን በተባለች ከተማ አጠገብ አንድ ፈላጊ 200 ያህል መሐለቆች ያሉበት ድልብ አገኘ፤ ወዲያውም አስታወቀ። ድልቡ ከነአፈሩ ተነሥቶ በሙዚየም ውስጥ ተፈታ፤ በ2017ም የኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም በ1.35 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በመሐለቆቹ ላይ አልፍሬድና ሴኦልዉልፍ እያንዳንዳቸው በስማቸው አንድ ዐይነት መልክ ያለው ገንዘብ መምታታቸው ታየ፤ ከነዚያም መካከል ከሮማ የወርቅ መሐለቅ የተቀዳ፣ ሁለት ቄሣሮች ጐን ለጐን ተቀምጠው የሚታዩበት ሥዕል ያለባቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት የዚህ ዐይነት መሐለቅ የሚታወቀው ሁለት ብቻ ነበረ። ሁለት ነገሥታት ለብዙ ጊዜ በአንድ የገንዘብ ሥርዓት ተስማምተው ከኖሩ፣ አንደኛው ተራ አሽከር ነበረ ማለት እንዴት ይቻላል? ከ879 ገደማ በኋላ የሴኦልዉልፍ ስም ከታሪክ ጠፋ፤ የቀረው ባልንጀራውም ዜና መዋዕሉን አጻፈ።

በዚሁ በ2015፣ ከዋትሊንግተን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሄርፎርድ አውራጃ በሌምስተር ከተማ አጠገብ ሁለት ባልንጀሮች በአንድ ማሳ ውስጥ የዚያው ዘመን ሌላ ድልብ አግኝተው ነበረ። በእነርሱም እጅ የሁለቱ ነገሥታት መሐለቆች ነበሩ፤ ከዚህም ጋራ የወርቅ ቀለበት፣ የወርቅ አንባር፣ በወርቅ የተያዘ የመስተዋት ድንጋይ ጌጥና በአሞሌ መልክ የፈሰሰ ብር። ነገር ግን ለባለርስቱ ሳያሳውቁ፣ ለሕግም ጥቂቱን ብቻ አሳይተው፣ አብዛኛውን በነጋዴዎች በኩል በታተኑት። ነገሩ ከተነቃ በኋላ ፖሊስ ከአንደኛው ስልክ ላይ የተደመሰሰ ፎቶግራፍ መልሶ አገኘ፤ በእርሱም ድልቡ ገና ሳይበታተን ይታያል። ከፎቶግራፉ እንደ ተገመተው መሐለቆቹ 300 ያህል ነበሩ፤ ነገሩ በ2019 ለፍርድ በቀረበ ጊዜ የተያዘው ግን 30 ያህል ብቻ ነበረ። ሁለቱም የብዙ ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው፤ ቅጣታቸውም በኋላ በይግባኝ ተቀነሰ።

ፍርዱ ስርቆቱን ቀጣ፤ ምስክርነቱን ግን ሊመልስ አልቻለም። ጌጡና መሐለቁ በአንድ ከረጢት ነበሩን ወይስ በሁለት? ጕድጓዱስ በጥድፊያ የተቈፈረ ነበረን? ይህን የሚመልስ እማኝ የለም። በነጋዴ እጅ ያለፈ መሐለቅ ነገ ተገኝቶ ወደ ሙዚየም ቢገባ እንኳ፣ ከየት እንደ መጣ ተጠይቆ ዝም የሚል ተከሳሽን ይመስላል። እዚህ ላይ የባልንጀርነት ሁለት መልክ ይታያል። በጀርሲ አንዱ ለሌላው እማኝ ሆነ፤ በሌምስተር ግን አንዱ ለሌላው ምሥጢር ጠባቂ ሆነ። መሣሪያው፣ ማሳውና ትዕግሥቱ አንድ ሆነው ሳሉ ፍሬውን የለየው ይህ ብቻ ነው።

፭፤ ሕጉ አግኚውን እንዴት ምስክር እንዳደረገው

የእንግሊዝ የቀድሞ ሕግ የሚጠብቀው የንጉሡን ግምጃ ቤት እንጂ ታሪክን አልነበረም። ወርቅና ብር ለንጉሡ የሚሆነው፣ የቀበረው ሰው ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ የሰወረው መሆኑ ሲታመን ነበረ። በ1939 በሰተን ሁ የተገኘው የመርከብ መቃብር ሀብት ከሟች ጋራ የተቀበረ እንጂ ሊወሰድ የተሰወረ ስላልሆነ የባለርስቲቱ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ እርሷም በልግስና ለሙዚየም ሰጠችው። ልግስና በሌለበት ስፍራ ግን የሕጉ ጕድለት ታየ። በ1980ዎቹ ዓመታት በሰሪ አውራጃ ዋንቦሮ በተባለው ስፍራ የነበረ የጥንት ቤተ ጣዖት በሌሊት እየተቈፈረ በሺህ የሚቈጠሩ መሐለቆች ጠፉ። ሕጉ እንዲሻሻል በብርቱ ከደከሙት መካከል የዚያ አውራጃ የአርኬዎሎጂ ማኅበር አንዱ ነበረ።

በ1996 የወጣው ሕግ ከ300 ዓመት በላይ የሆነውን የወርቅና የብር ግኝት፣ ዝርዝሩ እንደሚያዘው፣ በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅን ግዴታ አደረገ፤ ሙዚየም ከወሰደው ግን ዋጋው ይከፈላል፤ ልማዱም ለአግኚውና ለባለርስቱ እኩሌታ እኩሌታ ነው። በ1997 ደግሞ ግዴታ የሌለበትን ተራ ግኝት እንኳ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ተጀመረ፤ በዚህም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ዕቃዎች ከተገኙበት ስፍራ ጋራ ተመዝግበዋል። የሕጉ ጥበብ አግኚውን ከጠላትነት ወደ ምስክርነት መለወጡ ነው። ሆኖም ይህን መንገድ የሚነቅፉ ሊቃውንት አሉ፤ ዋጋ መክፈል ቍፋሮን ያበረታታል ይላሉ። ፈረንሳይ በ1989 ባወጣችው ሕግ ያለ ፈቃድ በመሣሪያ ጥንታዊ ቅርስ መፈለግን ከልክላለች። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የሁሉም ዐላማ አንድ ነው፤ ዕቃው ከስፍራው ሳይለይ እንዲታይ ማድረግ።

፮፤ ስለ አክሱም መሐለቆች

ይህ ነገር እኛን ስለ ምን ይመለከተናል ቢባል፣ የሴኦልዉልፍ ዕጣ የብዙዎቹ የአክሱም ነገሥታት ዕጣ ስለ ሆነ ነው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ መሐለቅ መትታለች። ከነገሥታቱ ብዙዎቹ የሚታወቁት ከመሐለቃቸው ብቻ ነው፤ በልማድ የወረደልን የነገሥታት ዝርዝርም ከእነዚህ ስሞች ጋራ በብዙ ስፍራ አይገጥምም። የዒዛና መሐለቅ መጀመሪያ ጨረቃና ክብ ኋላም መስቀል መያዙ የሃይማኖቱን መለወጥ ይመሰክራል። የተከታዮቹን ነገሥታት ቅደም ተከተል ለመወሰን ግን መሐለቁ ከማን መሐለቅ ጋራና በየትኛው የአፈር ድርብ እንደ ተገኘ ማወቅ ግድ ነው።

የዚህን ጥቅም ሁለት ምሳሌዎች ያስረዳሉ። በ1960ዎቹ ዓመታት ፍራንሲስ አንፍሬ በኤርትራ በማጠራ ባደረገው ቍፋሮ 14 የሮማ የወርቅ መሐለቆች በናስ ዕቃ ውስጥ አገኘ። መሐለቆቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ ብቻቸውን በገበያ ተገኝተው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ቀባሪውን በዚያ ዘመን ባደረገው ነበረ። ነገር ግን በዚያው ዕቃ ውስጥ የወርቅ መስቀሎች አብረው ስለ ተገኙ፣ የቀበረው ሰው ክርስቲያን እንደ ነበረ፣ መሐለቆቹም እንደ ጌጥ ለብዙ ትውልድ ሲወራረሱ እንደ ኖሩ ታወቀ። ሁለተኛው ምሳሌ በደቡብ ዓረብ አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ የተገኘው ከአንድ ሺህ በላይ መሐለቆች ያሉበት የወርቅ ድልብ ነው። የአክሱምና የሮማ ወርቅ በአንድነት መገኘቱ በዐፄ ካሌብ ዘመን በባሕሩ ማዶ ስለ ነበረው የአክሱም ኃይል ያስተምራል፤ መሐለቆቹ አንድ በአንድ ተበትነው ቢሆን ይህ ትምህርት ባልተገኘ ነበረ።

በአክሱምና በአካባቢዋ ዝናም ከዘነመ በኋላ ወይም ማሳ በሚታረስበት ጊዜ ገበሬዎችና እረኞች መሐለቅ ማግኘታቸው ከጥንት የታወቀ ነው፤ ያለ መሣሪያ፣ በዐይናቸው ብቻ። የተገኘውም ለመንገደኛ ተሽጦ ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ በብዙ የውጭ አገር ስብስብ ውስጥ ያለው የአክሱም መሐለቅ የተገኘበት ስፍራ ያልተጻፈለት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 229 ስለ ጥንታዊ ቅርስ ጥበቃ ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቈፈርን ከልክሎ፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው አዟል። ይህ ቃል ሚድና ማይልስ በጀርሲ ያደረጉት ነው፤ ሥርዓቱም ከአባቶቻችን የእማኝ ልማድ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ገበሬውን ሌባ ብሎ መስደብ ዕውቀት አይጨምርልንም። ያገኘውን መሐለቅ የሚያሳየው፣ የሚጠይቀውና ቃሉን የሚጽፍለት ሰው በአጠገቡ ከሌለ፣ የሚያውቀው ገዢውን ብቻ ነው። ወደ ገጠር ለጥናት የሚወጣ ተማሪ የባላገሩን ተረትና ዘፈን ሲጽፍ፣ ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ወገን፣ ከምን ጋራ ምን እንደ ተገኘም ጠይቆ ቢጽፍ፣ ዕቃውን ራሱ ባይነካና ባይገዛ፣ ለአንድ ንጉሥ ስም መመለስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መሐለቅ ሊሸጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተገለበጠ አፈር ግን ዳግመኛ አይመሰክርም።